ሽመናና የመማሪያ ክፍል

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሸማኔንና አንጥረኛን በሙያቸው መስደብን ከልክለዋል። በዚያው ዘመን በስማቸው የተሰየመው ትምህርት ቤት ሲከፈት ትምህርቱ በአመዛኙ በውጭ ቋንቋዎች ላይ ያተኮረ ስለ ነበር፥ ሽመና ከክፍል ውጭ ቀረ።

ሙያው ግን በቤት ውስጥ ሲተላለፍ ኖረ፤ እናት ትፈትላለች፥ አባት ይሸምናል፥ ልጅ አይቶ ይማራል። ይህ ልማድ መልካም ቢሆንም አደጋም አለው፤ ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በሽመና ጉልበታቸው የተበዘበዘ፥ ከትምህርትም የቀሩ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም።

ስለዚህ ሽመና ወደ ክፍል ሲገባ ዓላማው ልጁን ለገበያ ማሠራት ሊሆን አይገባም። ተማሪው ድሩን ሲቆጥር ሒሳብን፥ ጥለቱን ሲያቅድ ቅርፅን ይማራል። ሸማኔው ከመምህሩ ጎን ቆሞ ሲያስተምርም የሸማኔው ልጅ አንገቱን አይደፋም፤ ዐዋጅ ብቻውን ያላጠፋው ንቀት መጥፋት የሚጀምረው ከዚያ ነው።