የተራራቁ ግቢዎች አስተዳደር

በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በይፋ ሲከፈት፣ የአለማያ እርሻ ኮሌጅና የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ አዲስ አበባ ለሚቀመጠው ፕሬዚዳንት ተጠሪ ሆኑ። የአለማያ መምህራን የበላይ አካል በሌላ ከተማ መኖሩ፣ ኮሌጁ በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ እስኪሆን ድረስ ዘለቀ።

በ1999 ዓ.ም. ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ይኸው ጥያቄ በደቡብ ምዕራቡ የቡና ምድር ተነሣ። ተቋሙ ስሙን ከሁለት ከተሞች ወስዶ ግብርናን በሚዛን፣ ጤናን በአማን፣ ምሕንድስናን በቴፒ ሲያስተምር ኖሯል። ከሚዛን እስከ ቴፒ ያለው መንገድ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዝናብ በሚበዛበት በዚያ አገር ይህ ቀላል ርቀት አይደለም።

ሕጉ ሥልጣንን ለቦርድ፣ ለፕሬዚዳንትና ለሴኔት ደልድሏል። ይሁን እንጂ የቤተ ሙከራ ዕቃ ግዥ፣ የመኖሪያ ቤት ድልድልና የመምህር አቤቱታ የሌላውን ግቢ ፊርማ የሚጠብቁ ከሆነ፣ መምህሩ ራሱን እንደ እንግዳ ይቆጥራል፤ እንግዳ ደግሞ መሄጃውን ያስባል። እርሱ ሲለቅ ተጎጂው ከቡና ገበሬው ቤት የመጣው ተማሪ ነው። መሐንዲስ ምሰሶን የሚያቆመው ሸክሙ ካረፈበት ዘንድ ነው፤ አስተዳደርም ውሳኔን ሥራው ካለበት ሊያኖር ይገባዋል።