ዋንዛ በአበባው ሲመዘን

ስለ ዋንዛ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከግንዱ ይጀምራል። በር፣ አልጋ፣ ገበቴና ከበሮ የሚወጣው ዛፍ ነውና አያስወቅስም። ሕጉም ያየው እንዲሁ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ቆጥሮ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከለከለ። ሲሪንቃን በመሰለ፣ በወልድያና በመርሳ መካከል ባለ የእርሻ አገር ግን የዋንዛ ኑሮ ማሳ መሐልና ጓሮ ነው። እዚያ መጥረቢያውን የሚያነሣውም የሚያስቀምጠውም የገበሬው ስሌት ነው፤ ያን ስሌት ሊለውጥ የሚችለው ደግሞ አበባው ነው።

ዛፉ ከ550 እስከ 2600 ሜትር ከፍታ ስለሚበቅል 1850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሲሪንቃ ትስማማዋለች። ክረምቱ ሲወጣ ነጭ ይለብሳል። አበባው አፉ እንደ መለከት የተከፈተ፣ ጠርዙ የተጨማደደ ነው፤ ከሥር የተሸነተረ ቡናማ ጽዋ ይዞታል። ወለላው ከታች ስለሚጠራቀም ንቧ ዘልቃ ትቀስማለች፤ ኅዳር ላይ ከቀፎ የሚቆረጠው ማር ውስጥ የዚህ ድርሻ አለ። ራይንሃርድ ፊሽትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ ዕፅዋት መጽሐፍ ዋንዛን ያካተቱት ያለ ምክንያት አይደለም።

መችና አደይ አበባ እያሉ ዋንዛ ለምን ያስፈልጋል ሊባል ይችላል። መች ግን ለገበሬው አረም ነው፤ ጎበዝ አራሽ ይነቅለዋል። የዋንዛ አበባ ከአራሚ እጅ በላይ ነው። ጥላው እህል ይጎዳል የሚለውም እውነትነት አለው፤ ሆኖም ቅርንጫፉ ሲመለመል ጥላው ይሳሳል፣ የሚረግፈው ቅጠልም መሬቱን ያዳብራል።

ከሁሉ የሚከብደው ሙግት ሌላ ነው፤ ንብ ድንበር አታውቅም። ዛፉ የአንዱ፣ ቀፎው የጎረቤቱ ሲሆን ባለዛፉ ከአበባው የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ጣውላው ግን የራሱ ነው። ይህን ሙግት ማስተባበል አይቻልም፤ የመፍትሔውን ቦታ ግን ይጠቁማል። የዋንዛ ችግኝና ቀፎ ለየቅል መታደላቸው ይቅር፤ ሲሪንቃ ባለችበት በሐብሩ ወረዳ ችግኝ የሚያፈሉ ሁሉ ሁለቱን ለአንድ ጓሮ ይስጡ።