ጸደቀ፣ ከፈለ፣ መረቀ

ክሬዲት የእምነት ቃል ነው። በላቲን ክሬዴሬ «ማመን» ሲሆን ክሬዲቱም «በእምነት የተሰጠ» ነው፤ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ሃይማኖቷን ክሬዶ፣ «አምናለሁ» የምትለው ከዚሁ ግንድ ነው። አሜሪካ ያለ ሐበሻ «ክሬዲቴ ተበላሸ» ብሎ ሲማረር፣ በሥሩ ከሄድን፣ የሚያምነኝ ጠፋ ማለቱ ነው።

ካርድም ለእኛ ባዳ አይደለም። ግሪኩ ኻርቴስ፣ የፓፒረስ ቅጠል፣ ወደ ላቲን ካርታ ሆኖ ሲገባ ለጣልያኑ ካርታ አባት ሆነ፤ እኛ ደግሞ የአገር ሥዕሉንም፣ መጫወቻውንም፣ የቤት ይዞታ ወረቀቱንም በዚሁ ስም እንጠራለን። ካርቶን ታናሽ ወንድሙ ነው። ትልቁ ወንድም ግን ከሁሉም ቀድሞ ቤታችን የገባው፣ የግእዙ ክርታስ ነው፤ ዐረቡም ቂርጣስ ይለዋል።

አሁን ክሬዲትና ካርድ ወደሚገናኙበት ደብዳቤ እንሂድ። በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው የፖስታ ሣጥኑን ሲከፍት «ካርዱ ቀድሞ ጸድቆልዎታል» የሚል ያልጠየቀው ወረቀት አያጣም። እ.ኤ.አ. በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ 60,000 ያህል ካርዶችን ሳይጠየቅ በፖስታ በትኖ ነበር። በ1970 ያልተጠየቀ ካርድ መላክ በሕግ ሲከለከል፣ ደብዳቤው ግን አልተከለከለም።

«ጸደቀ» እንዴት ያለ ቃል ነው! በግእዝ ጸድቀ «እውነተኛ ሆነ፣ ጻድቅ ሆነ» ነው፤ አድራጊው አጽደቀ ደግሞ የዳኛ ግስ ነው፤ ተከሳሹን «ጻድቅ ነህ» ብሎ መልቀቅ። አማርኛ ይህን ዳኛ ወደ ምክር ቤት ወሰደውና አዋጅ አጸደቀበት፤ ከዚያም ወደ ባንክ ወሰደውና ብድር አጸደቀበት። ገበሬው በበኩሉ ተክሎታል፦ የተተከለ ችግኝ ሥር ከያዘ «ጸደቀ» ይባላል፤ ደርቆ ከቀረ አልጸደቀም። የእንግሊዝኛው አፕሩቭም ያንኑ መንገድ ሄዷል። ላቲኑ አፕሮባሬ የወጣው ከፕሮቡስ፣ «ደግ፣ ቅን» ከሚለው ቅጽል ነው። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች የብድር ጠያቂን ጉዳይ በቅንነት ሚዛን ማስቀመጣቸው ደስ ይላል።

«ቅድመ» የተጨመረበት ግን አስቸጋሪ ነው። ባንኩ ከክሬዲት መዝጋቢዎች የስም ዝርዝር ወስዶ በላይ በላዩ ያያል፤ ይህ ዕይታ የክሬዲት ነጥብ አይቀንስም። ሰውየው ሲያመለክት ጠለቅ ያለው ምርመራ ይከተላል፤ ገቢው ወይም ዕዳው መስፈርቱን ካላሟላ «የጸደቀው» ሊሻር ይችላል። ችግኙ ሳይተከል ጸድቋል እንደማለት ነው። እኔ «ቅድመ ፈቃድ» የሚለውን ትርጉም እመርጣለሁ፤ ምክንያቴ ግን የአማርኛው ፍች አይደለም። በግእዝ ፈቀደ «ፈለገ፣ ወደደ» ነው። በግእዝ ጆሮ ቅድመ ፈቃድ «አስቀድሞ መፈለግ» ይሆናል፤ ባንኩ ደንበኛውን መፈለጉ ደግሞ አያከራክርም።

ካርዱ እጅ ከገባ ቢሉ ይከተላል። ቢል፦ ከላቲን ቡላ፣ መጀመሪያ «አረፋ»፣ ከዚያ በሰነድ ላይ የሚንጠለጠል ክብ ማኅተም፣ ከዚያ ማኅተም ያለበት ሰነድ። የሮም ጳጳስ ዐዋጅም የመብራት ሒሳብም የአንድ ቃል ልጆች ናቸው። ከእንሰት ከሚወጣው ቡላ ጋር ግን አይተዋወቁም።

ቢል ይከፈላል። ግእዙ ከፈለ «አካፈለ፣ ለየ» ነበር፤ ክፍል፣ ክፍለ ዘመን ከዚያ ናቸው። አማርኛ ለሻጭ ድርሻውን መስጠትን ጨመረበት። ዕዳ መመለስን ግእዝ ፈደየ ይለዋል፤ ስሙ ፍዳ ነው። ይኸው ፍዳ ዛሬ ከብድር መዝገብ ወጥቶ መከራ ሆኗል፤ «ፍዳውን አየ» የምንለው ሰው በሥሩ የተበደረውን እየመለሰ ያለ ነው። እንግሊዝኛው ፔይ ግን ከፓካሬ፣ «ማስታረቅ፣ ሰላም ማውረድ» የመጣ ነው። የካርዱን ሒሳብ በቀነ ገደቡ ሙሉውን ለሚዘጋ ላቲኑ ይሠራል፤ ለሚያንከባልል ደግሞ ወለዱ አለ። ወለድ ከወለደ ነው፤ ግሪኩም ቶኮስ ሲል «ልጅ»ንም «ወለድ»ንም ነው፤ አርስቶትል በፖለቲካ መጽሐፉ ገንዘብ ገንዘብን መውለዱን ከተፈጥሮ ውጭ ብሎ የነቀፈው ይህንኑ ቃል ይዞ ነው።

ካርዱ ከከፈልነው ጥቂት በመቶ የሚመልስልን ካሽባክ ላይ ደግሞ የቃል ወጥመድ አለ። ካሽ እና ካሣ ድምፃቸው ይቀራረባል፤ ተመላሽ ገንዘብን ካሣ ማለትም ያጓጓል። አይገናኙም። ካሽ ከላቲን ካፕሳ፣ «ሣጥን» ነው፤ የሣጥኑ ስም በውስጡ ላለው ገንዘብ ተላለፈ። ካሣ ግን የግእዙ ካሕሳ ነው፤ ዋሕስ ዋስ እንደሆነው ሁሉ ሐው ተውጦበታል። የገንዘብ ሣጥን ለሚፈልግ አማርኛ ካዝና አለው፤ ዐረብኛ ነው፣ ጣልያንን ዞሮ የመጣው መጋዘንም ከዚሁ ሥር ነው።

ታዲያ ካሽባክ ምን ይባል? «መልስ» አይሆንም፤ መልስ ከታክሲ ረዳት የምንቀበለው፣ ቀድሞም የእኛ የሆነ ትርፍ ነው። ገበያ ውስጥ ግን ቃሉ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ሽንኩርት ተመዝኖ ካለቀ በኋላ «መርቂልኝ እንጂ» እንላለን፤ ሴትየዋም ሁለት ራስ ትጨምራለች። ምርቃት! የግእዙ ወረቀ «ተፋ» ነው፣ ምራቅም ከእርሱ ወጥቷል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ «እንትፍ፣ እንትፍ» ማለቱን ያየ ሰው የምርቃትንና የምራቅን ዝምድና ለመጠርጠር አይቸገርም።

ልዩነቱ የመራቂው ማንነት ነው። ሽንኩርት ሻጯ ከራሷ ቅርጫት ትመርቃለች። እ.ኤ.አ. በ1986 ዲስከቨር ካርድ በሰፊው ያስለመደው ካሽባክ ግን በአብዛኛው የሚቀዳው ነጋዴው በእያንዳንዱ ግብይት ለካርድ ሥርዓቱ ከሚከፍለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ለካርድ ሰጪው ባንክ የሚደርሰውን ይህን ድርሻ ለክሬዲት ካርድ 0.3 በመቶ ላይ ስለገደበው፣ የአውሮፓ ምርቃት ከአሜሪካው ቀጭን ነው። በቤት ቢል ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ የውሃና የመብራት ድርጅቶች የካርዱን ወጪ ለከፋዩ ያስተላልፋሉ። የ180 ዶላር መብራት በ2 በመቶ ካሽባክ 3 ዶላር ከ60 ሳንቲም ያስገኛል፤ ድርጅቱ ካርድ ለሚጠቀም 2.5 በመቶ ካስጨመረ 4 ዶላር ከ50 ይወስዳል። እዚህ ላይ መራቂው ራሱ ከፋዩ ነው፣ 90 ሳንቲም ጨምሮ።