የድባቴ ምልክቶችና የሕይወት ዓላማ

ድባቴ ስሜትን፣ አስተሳሰብንና ሰውነትን በአንድ ላይ የሚነካ የአእምሮ ሕመም ነው። የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር የምርመራ መመሪያ ዘጠኝ ምልክቶች ይዘረዝራል። ቢያንስ አምስቱ ለሁለት ሳምንት ከታዩ፣ ከእነሱም አንዱ የተከፋ ስሜት ወይም የፍላጎትና የደስታ ማጣት ከሆነ ሕመሙ ከባድ ድባቴ ይባላል። የሕይወት ዓላማ ስሜት የሚባለው ደግሞ ሰው ለኑሮው አቅጣጫ እንዳለው፣ የሚደክምለትም ነገር እንዳለ ሲሰማው ነው።

ሁለቱን ካያያዙት ቀዳሚዎች አንዱ ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተረፈው የቪየናው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል (1905–1997 እ.ኤ.አ.) ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ክረምባውና ማሆሊክ የእሱን ሐሳብ ይዘው የዓላማ መለኪያ መጠይቅ አዘጋጁ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች በአብዛኛው የዓላማ ስሜቱ የጠነከረ ሰው የድባቴ ነጥቡ ዝቅ እንደሚል ያሳያሉ።

ችግሩ ያለው "የድባቴ ነጥብ" በሚለው ላይ ነው። ፒ.ኤች.ኪው-9 የተባለው መጠይቅ ለዘጠኙ ምልክቶች ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ይሰጥና እስከ 27 ይደምራል። አንዲት ሴት በእንቅልፍ፣ በድካም፣ በምግብ ፍላጎትና በትኩረት ማጣት 12 ነጥብ ልታገኝ ትችላለች። ጎረቤቷም በፍላጎት ማጣት፣ በመከፋት፣ በዋጋ ቢስነት ስሜትና በሞት ሐሳብ ያንኑ 12 ያገኛል። ድምሩ እኩል ነው፤ ሕመማቸው ግን አይመሳሰልም። እንቅልፍ በሕፃን ልቅሶ ወይም በሌሊት ፈረቃ ሊታጣ፣ የምግብ ፍላጎትም በሌላ በሽታ ሊዘጋ ይችላል፤ ለምን እንደሚኖር የሚያውቅ ሰውም እንዲህ ይደክማል። የፍላጎት ማጣት ግን ዓላማን ከሥሩ ይነካል፤ ምንም የማያጓጓው ሰው ወደየት ሊሄድ ይነሣል? ዋጋ ቢስነትም እንዲሁ ነው፤ ልጆቼን ላሳድግ የሚለውን ሰው "ያለ አንተ ይሻላቸዋል" ይለዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ከዓላማ ጋር የተቆራኘው ተስፋ መቁረጥ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክና ባልደረቦቹ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ይዟቸው ሆስፒታል የገቡ 207 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ኋላ ሕይወታቸውን ያጠፉትን አስቀድሞ በመጠቆም ከድባቴው ክብደት ይልቅ የተስፋ መቁረጡ መጠን በልጦ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ የበሽታዎች ምደባም ተስፋ መቁረጥን ራሱን ችሎ በምልክትነት መዝግቦታል።

ግንኙነቱ ከሁለቱም ወገን ይመጣል። ሥራ፣ እምነት ወይም ቤተሰብ ሲናጋ ድባቴ ሊከተል ይችላል፤ ድባቴም በተራው ትናንት ትርጉም የነበረውን ነገር ባዶ ያስመስላል። ስለዚህ በሕመም ላይ ያለ ሰው "መኖሬ ምን ይፈይዳል" ሲል ንግግሩ የሕመሙ ምልክት ሊሆን ይችላል። "ዓላማ ይኑርህ" ብሎ መምከር ያን ጊዜ ጥፋተኝነቱን ያከብድበታል እንጂ አያነሣውም። ከሕክምናዎቹ አንዱ የሆነው በተግባር ማነቃቃት ፍላጎት እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ታካሚው የሚያከብረውን ነገር በትንሹ፣ ለምሳሌ እናቱን በመጠየቅ፣ እንዲጀምር ያግዘዋል።

በኢትዮጵያ ብዙ ታካሚ ሐኪም ፊት የሚያቀርበው "ራሴን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ" የሚል የሰውነት ስሞታ ነው። መርማሪው እዚያ ላይ ካቆመ ስለ ተስፋ ሳይጠይቅ ይሸኘዋል። የፒ.ኤች.ኪው-9 ዘጠነኛ ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው፤ መልሱ ከ0 ከበለጠ፣ ድምሩ ምንም ያህል ዝቅ ቢል፣ ታካሚው በዚያው ቀን በግልጽ ሊጠየቅ ይገባል።