የኦሞ ወንዝ መድረሻና የውሃው ቀለም፦ ከከፋ እስከ ቱርካና ሐይቅ

ከቦንጋ በስተሰሜን የሚወርደው ጎጀብ የከፋን ደጋ ውሃ ሰብስቦ ከግቤ ጋር ከተገናኘ በኋላ ወንዙ ኦሞ ይባላል። ኦሞ ወዴት እንደሚሄድ ግን ለአውሮፓ ሊቃውንት ብዙ ዘመን እንቆቅልሽ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንቆቅልሹ እንዴት እንደ ተፈታ፣ ዛሬም ወንዙ የተሸከመው ነገር ከሰማይ እንዴት እንደሚታይ ማመልከት ነው። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 ከፋ ደርሶ ነበር። በ1846 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ወደ ግቤ ምንጭ ሄዶ፣ የነጭ ዓባይን ምንጭ አገኘን አሉ። ምንጩን አይተው መድረሻውን ስላላዩ ተሳሳቱ። በ1888 ቴሌኪና ፎን ሆኔል ከደቡብ መጥተው ሐይቁን ሩዶልፍ ብለው ሰየሙት፤ በ1896 ኢጣሊያዊው ቦቴጎ ኦሞ ወደዚሁ ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ። ከፋ በ1897 በአፄ ምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላም ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1898 ከከፋ ተነሥተው እስከ ሐይቁ ዘመቱ። አብሮ የተጓዘው ሩሲያዊ መኮንን ቡላቶቪች ታሪኩን ጽፎ አሳትሟል። በወንዙ አፍ ለሚኖረው ለዳሰነች ሕዝብ ግን ነገሩ አዲስ ወሬ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ከሰማይ መጣ። በ1972 የመጀመሪያው ላንድሳት ሳተላይት ተላከ፤ በ1978 የተላከው ኒምቡስ 7 ደግሞ የውቅያኖስን ቀለም ለመለካት የተሠራውን የመጀመሪያ መሣሪያ ተሸከመ። አሠራሩ ይህ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ሰማያዊውን ይመልሳል። በውሃው ውስጥ ጥቃቅን ዕፀዋት ሲበዙ ወደ አረንጓዴ፣ አፈር ሲበዛ ወደ ቡናማ ያደላል። በሐይቅ ግን አፈሩና ዕፀዋቱ ስለሚደባለቁ ለውቅያኖስ የተዘጋጀው ስሌት ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ለቱርካና ሐይቅ ከሚደርሰው የወንዝ ውሃ 90 በመቶ ያህሉን የሚያመጣው ኦሞ ነው። በሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ ቡናማው የጎርፍ ውሃ ወደ አረንጓዴው ሲዘረጋ በሳተላይት ሥዕል ይታያል። ሥፍራው ደረቅ ቆላ ስለ ሆነ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ግልጥ ነው። በከፋ ግን ጎጀብ በሚደፈርስበት በክረምት ደመናው አገሩን ይሸፍነዋል። ደግሞም በ2015 ሥራ የጀመረው ሴንቲኔል 2 እስከ 10 ሜትር ቢለይም፣ በደን ሥር የሚሄዱትን ትናንሽ ጅረቶች አያያቸውም።

ከዚህም በላይ ከ2015 ጀምሮ የግልገል ግቤ 3 ግድብ ውሃ መያዝ ስለ ጀመረ፣ ጎጀብ ከሚያመጣው አፈር ብዙው በዚያው ይቀራል። ስለዚህ በሐይቁ ዳር ውሃው ቢጠራ፣ የከፋ አፈር መታጠቡን አቆመ ማለት አይደለም። የከፋ ደን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ መዝገቡ ብቻውን ግን አፈርን አይዝም።

ስለዚህ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ባለው የጎጀብ ድልድይ ላይ በየሳምንቱ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ፣ አጥልሎና አድርቆ አፈሩን መመዘን ያስፈልጋል። ይህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ዳባዲ የተሳሳተው ምንጩን ብቻ አይቶ ነበር፤ እኛም የወንዙን አፍ ብቻ ከሰማይ አይተን ስለ ምንጩ ብንፈርድ ያንኑ ስሕተት ገልብጠን መድገማችን ነው።