ግዳይና አጸድ
ስለ ምሥራቅ ጎጃም የአደን ልማድና ስለ አራዊት መጠጊያ

ከብቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን ቢመለከት የሚያየው የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው። በማሳው መካከል ግን እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ያለ ደን በባሕር ላይ እንዳለ ደሴት ጉብ ብሎ ይታያል። ቀርቦ ያየው እንደ ሆነ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሌላው ደን ሲጠፋ እነዚህ ደሴቶች ስለ ምን እንደ ቀሩ ለማመልከት የቀረበ ነው።

በቀድሞው ዘመን አደን የሥጋ ፍለጋ ብቻ አልነበረም። ክርስቲያኑ ከርከሮንና ጥንቸልን አይበላም፤ ጀግና የሚያሰኘውም ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም አውራሪስ መጣል ነበር። ገዳይ ከበረሓ ሲመለስ በእልልታ ይቀበሉታል፤ ራሱን ቅቤ ይቀቡታል፤ አንበሳ የገደለም ጎፈሩን ይደፋል። ያልገደለ ሰው ግን በማኅበር ፊት ቆሞ ለመፎከር አፉ አይፈታም ነበር።

ይሁን እንጂ ይኸው ፎካሪ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ይዘክራል። ጻድቁ በሥዕላቸው የሚታዩት በአንበሶችና በነብሮች ተከበው ነው። በአጸደ ቤተ ክርስቲያን ዛፍ መቁረጥ ነውር፣ ደም ማፍሰስም ድፍረት ነው። ስለዚህ በሜዳ መጠጊያ ያጡት ጦጣና አዕዋፍ በአጸዱ ተጠለሉ።

የመንግሥት ሕግ የመጣው ዘግይቶ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1909 የአደን ደንብ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ አዋጅ ታወጀ፤ በ1962 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 541 ወጣ። ለብቸናና ለሞጣ ደጋ ግን አዋጁ አንበሳውን ሊመልስለት አልቻለም። በዚያ የቀረው ሕዝቡ ራሱ የከለለው ብቻ ነው።

ጉዳዩ እኛን መሐንዲሶችን በቀጥታ ይመለከታል። ዛሬ አጸዱን ከዳር የሚበላው ጦር ሳይሆን ማረሻ፣ የከብት መንጋና አንዳንዴም የእኛው መንገድ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር በመተባበር በደቡብ ጎንደር በአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው፤ ከብት መግባቱን ሲያቆምም ችግኙ እንደ ገና በቀለ። እንዲህ ያለው ካብ ከሙያችን ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው።

እኔም ባንድ ወቅት በቅየሳ ሥራ ላይ ሳለሁ ቀጥተኛው መሥመር የአንድ አጥቢያ ደን ጫፍ ይቆርጥ ነበር። አንድ ሽማግሌ መጥተው፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ከአባቶቻችን የተረከብነው ጥላ ነው» አሉኝ። ኩርባ ጨምረን አለፍነው፤ መንገዱ በጥቂቱ ረዘመ እንጂ የጎደለበት ነገር የለም። ባልደረቦቼም መሥመር ከማስመራቸው በፊት ካርታውን ብቻ ሳይሆን የአጥቢያውን ሽማግሌ እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ።