በመሳፈሪያ ካርድ ላይ የሚታተመው የተጨማሪ ፍተሻ ምልክት ምንድን ነው?

ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነሥተው አሜሪካ የሚኖር ልጃቸውን ለመጠየቅ የሚጓዙ ወላጅ፣ በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በሚሰጣቸው የመሳፈሪያ ካርድ ላይ አራት ተከታታይ «ኤስ» የእንግሊዝኛ ፊደላት ሊያገኙ ይችላሉ። ምልክቱ ለተጨማሪ ፍተሻ መመረጣቸውን የሚገልጽ እንጂ ክስ ወይም የቪዛ ስረዛ አይደለም።

የአሜሪካ ፍተሻ የጠበቀው ከመስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. የሽብር ጥቃት በኋላ ነው። ኢትዮጵያም የጠለፋን ጉዳት ታውቃለች፤ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ በውስጡ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞተዋል።

የተመረጠ መንገደኛ ሰውነቱ በእጅ ይዳሰሳል፤ ሻንጣው ተከፍቶ ይታያል፤ እጁና ስልኩ በትንሽ ጨርቅ ተጠርገው የፈንጂ ቅሪት እንዳለባቸው ይመረመራል። ፍተሻው ካለፈ ጉዞው ይቀጥላል።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር መንገደኞችን የሚያጣራው በስም፣ በትውልድ ቀንና በጾታ ነው፤ በዕጣ መልክም ይመርጣል። የስም መመሳሰል ንጹሕ ሰውን ሊያስመርጥ ስለሚችል፣ የትኬቱና የፓስፖርቱ ስም እስከ አያት ድረስ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። በተደጋጋሚ የሚመረጥ መንገደኛ ለአገሪቱ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።